የኮሎምቦ ዕቅድ የቴክኒክ ትብብር፦ እንደ አገልግሎት ሲመዘን

የኮሎምቦ ዕቅድ ለደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ልማት የታሰበ የእርዳታ ትብብር ነው። በጥር 1950 እ.ኤ.አ. በሴሎን (በዛሬዋ ስሪ ላንካ) ከተማ ኮሎምቦ ላይ ከተጠነሰሰው ከዚህ ዕቅድ ምርጡ ክፍል የባለሙያና የሥልጠና ልውውጡ ነበር። ተቀባዩ አገር የሚፈልገውን ባለሙያ ወይም የትምህርት ዕድል ራሱ ለይቶ ይጠይቅ ነበር፤ ከለጋሹ ጋርም በቀጥታ ይደራደር ነበር። የኮሎምቦው ቢሮ ሥራ ማገናኘትና መመዝገብ ነበር። ጃፓን በ1954 እ.ኤ.አ. ወደ ዕቅዱ ስትገባ ገና ከዓለም ባንክ ትበደር ነበር፤ ያም ሆኖ እውቀቷን ማካፈል ጀመረች። ይህ በጣም የሚያስደንቅ ነው!

ዋናው ጉድለት የጋራ ካዝና አለመኖሩ ነበር። ገንዘቡ የሚወሰነው በእያንዳንዱ ለጋሽ ዓመታዊ በጀት ስለነበር፣ እንደ ሕንድ የአምስት ዓመት ዕቅድ ለነደፈ አገር የነገውን መተማመን ያስቸግር ነበር። በእርዳታ የሚላከው መሣሪያም ከተለያየ አገር ስለሚመጣ መለዋወጫው አይገጣጠምም ነበር። ስለዚህ የጥገና ሥልጠናና መለዋወጫ ከመሣሪያው ጋር በአንድ ጥያቄ ውስጥ መግባት ነበረባቸው።