የቪየናው የጦር ታሪክ ሙዚየም፦ መኪናዋን ብቻ አይታችሁ አትውጡ

አንደኛው የዓለም ጦርነት እንዴት እንደተጫረ በዕቃ ማየት ለሚፈልግ ሰው ከሳራዬቮ ይልቅ ቪየና ትሻላለች። በ1914 ሳራዬቮ ላይ የተገደሉት የኦስትሪያ-ሃንጋሪ አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ የተተኮሰባቸው መኪና፣ የለበሱት የወታደር ልብስና ከሴረኞቹ የተያዙት ብራውኒንግ ሽጉጦች ያሉት እዚህ ነው። ሙዚየሙ የሚገኘው አርሰናል በተባለው የቀድሞ የጦር ግቢ ውስጥ ነው፤ ከዋናው ባቡር ጣቢያ በእግር ይደረሳል።

ከላይኛው ፎቅ አትጀምሩ። እዚያ ያለው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከተካሄደው የሠላሳ ዓመት ጦርነት የሚነሳ ረጅም ታሪክ ስለሆነ፣ 1914 የሚገኝበት ምድር ቤት ስትደርሱ እግርም ዓይንም ይደክማል።

መኪናዋ ግራፍ ኡንድ ሽቲፍት ናት፤ ክፍት፣ ባለ አራት ሲሊንደር። ጎኗ ላይ ያለውን ቀዳዳ ፈልጉ፤ የአልጋ ወራሹን ባለቤት ሶፊን የገደለው ጥይት የመኪናዋን አካል በስቶ ያለፈ ነው። ከኋላ የታጠፈውን ሸራም ልብ በሉ። ጁን 28 ጠዋት መጀመሪያ የተወረወረው ቦምብ እሱ ላይ ነጥሮ ከኋላ በምትከተለው መኪና ሥር ፈነዳ። ከዚያ የጉዞው መስመር ተቀየረ፤ ለሾፌሩ ግን የነገረው አልነበረም። በላቲን ድልድይ አጠገብ ወደ ድሮው መንገድ ታጠፈ፣ ተሳስተሃል ሲሉት ቆመ፤ የቆመው ደግሞ ተኳሹ ሴረኛ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ አፍንጫ ሥር። (መኪናዋ ከዚያ በኋላ የያዛትን ሁሉ ትፈጅ ነበር የሚባለው ተረት ነው፤ ባለንብረቱ ካውንት ሃራክ ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጧት፣ ከእሳቸው ወደ ሙዚየሙ አለፈች።)

የሙዚየሙም ድክመት ከዚህ ይመነጫል። መኪናዋ ቀልብ ስለምትገዛ ጎብኚው ጦርነቱ በጥይት ብቻ የመጣ ይመስለዋል። ከግድያው እስከ ጦርነት አዋጁ አንድ ወር አለ፤ የደብዳቤና የቴሌግራም ወር ስለሆነ ግን ለመስታወት ሳጥን አይመችም። ስለዚህ ቀኖቹን ይዛችሁ ግቡ። ጁላይ 5 እና 6 ጀርመን ኦስትሪያን እስከ መጨረሻው እንደምትደግፍ ቃል ገባች። 23 ቪየና ለሰርቢያ የ48 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ሰጠች። ሰርቢያ 25 ላይ አብዛኛውን ተቀብላ፣ የኦስትሪያ ሹማምንት በምድሯ ምርመራ ይካፈሉ የሚለውን እምቢ አለች። 28 ኦስትሪያ በሰርቢያ ላይ ጦርነት አወጀች፤ 30 ሩሲያ ጠቅላላ ክተት አዘዘች። ነገሩ ከእጅ የወጣው እዚህ ላይ ነው፦ የጀርመን የጦር ዕቅድ ሩሲያ ሠራዊቷን አሰባስባ ሳትጨርስ አጋሯን ፈረንሳይን በቤልጂየም በኩል መምታት ነበር፣ ስለዚህ እያንዳንዱ የድርድር ቀን ለጀርመን ኪሳራ ሆኖ ታያት። ኦገስት 4 የጀርመን ጦር ቤልጂየም ገባ፤ ብሪታንያም በዚያው ቀን በጀርመን ላይ ጦርነት አወጀች።

ስለ ውጊያው ያለው አዳራሽ ግን ጠንካራ ነው። የአፈሙዙ ስፋት 38 ሴንቲሜትር የሆነውን ከባድ መድፍ አትለፉት። ተፈታቶ የሚጓዘው በተጎታቾች ነበር፤ የነዳጅ ሞተር ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ በየጎማው ያሉት ሞተሮች ተጎታቹን ይነዳሉ። በእንስሳ የማይጎተት ብረት እንዴት ግንባር እንደደረሰ የሚገባችሁ ያኔ ነው። ከጣሊያን ጋር ኢሶንዞ ወንዝ ላይ 12 ጊዜ የተደረገውን ውጊያና ማርች 1915 ለሩሲያ እጁን የሰጠውን፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ያለውን የኦስትሪያ-ሃንጋሪ የፕርዜሚስል ምሽግ ካርታ ላይ አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ አለዚያ የቦታ ስም ብቻ ሆኖ ያልፋል።

ትረካው የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የተካሄዱትን የቬርደንና የሶም ውጊያዎች የሚፈልግ ሰው እዚህ ጊዜውን አያጥፋ፤ ለምዕራቡ ግንባር ቤልጂየም፣ ኢፕር ያለው ሙዚየም ይሻለዋል።