ከዳናንግ የሚሸጠውን «ሁሉን ያካተተ» የሆይ አን የምሽት ጉብኝት እንዳትገዙ

ቬትናም ለመሄድ ያሰባችሁ ወገኖች፣ በተለይም የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ ሐኖይ መብረር ከጀመረ ወዲህ ቤተሰብ ይዛችሁ ለመውጣት የተዘጋጃችሁ፣ በዳናንግ ከተማ በየሆቴሉ አካባቢ «ሁሉን ያካተተ» እየተባለ የሚሸጠውን የሆይ አን የምሽት ጉብኝት እንዳትገዙ። እኛ የተታለልነው ትናንት ማታ ነው። ንዴቴ ገና ስላልበረደ ቃሌ ከረር ቢል አንባቢ ይታገሰኝ፤ የምጽፈው ግን በዓይኔ ያየሁትንና ከኪሴ የከፈልኩትን ብቻ ነው።

የሻጩን ዓይነት ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በፕላስቲክ የተለበጠ የፎቶ ወረቀት ዘርግቶ፣ «ለእናንተ ብቻ» የሚለውን ዋጋ በካልኩሌተር ጽፎ፣ «የቀረው ጥቂት ቦታ ነው» እያለ የሚያጣድፍ፣ ደረሰኝ ሲጠየቅ ግን እስክሪብቶ የሚጠፋበት ሰው በየአገሩ አለ። እኛን ያስተናገደችን ወጣት ሴት ነበረች። ዋጋው ለአንድ ሰው 1,150,000 ዶንግ (የቬትናም ገንዘብ)፣ ለእኔ፣ ለባለቤቴና ለአማቴ በድምሩ 3,450,000 ዶንግ ሆነ፤ ይህም ከ130 ዶላር ይበልጣል። በዚህ ገንዘብ መጓጓዣ፣ የአሮጌው ከተማ መግቢያ ቲኬት፣ የጥንታዊ ቤትና የቻይናውያን ማኅበር አዳራሽ ጉብኝት፣ ወንዝ ዳር የሚበላ እራት፣ በፋኖስ ያጌጠ ጀልባና ውኃ ላይ የሚለቀቅ ሻማ ሁሉ እንደሚገኝ ተነገረን። ባለቤቴ «ጀልባውስ?» ብላ ደጋግማ ስትጠይቅ፣ ልጅቷ የጀልባውን ፎቶ በጥፍሯ መታ መታ እያደረገች «ተካቷል፣ ተካቷል» አለች።

ሆይ አን ራሷ ጥፋት የለባትም። ከዳናንግ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቱ ቦን ወንዝ ዳር የምትገኝ፣ ከ15ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን የቻይና፣ የጃፓንና የአውሮፓ ነጋዴዎች የተገናኙባት የወደብ ከተማ ነበረች። ወንዙ በደለል እየተሞላ ትልልቅ መርከቦችን ማስገባት ሲያቅተው ንግዱ ወደ ዳናንግ ዞረ፤ እሷም የንግዱ ዕድል ስላለፋት አሮጌ ቤቶቿ ሳይፈርሱ ቆዩላት፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም ቅርስነት መዘገባት። ባለቤቴ ከሁሉም ይበልጥ የጓጓችው ታን ኪ የተባለውን የነጋዴ ቤት ለማየት ነበር። ወንዙ ሞልቶ ቤቱ ውስጥ በገባ ቁጥር ውኃው የደረሰበት ከፍታ ግድግዳው ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ የእ.ኤ.አ. 1964ቱ ጎርፍ ምልክትም እዚያው እንዳለ አንብባ፣ ያንን በዓይኗ ካላየች እንደማትመለስ ስትነግረን ሰንብታለች።

አላየችውም። ሚኒባሱ ዘግይቶ መጣ፤ ይህንን እንኳ ይቅር እንበል። ከተማዋ እንደደረስን ግን አስጎብኚው ፊት ለፊት የወሰደን ወደ ልብስ ስፌት ቤት ነበር። ሆይ አን በልብስ ሰፊዎቿ ስለምትታወቅ ለጥቂት ደቂቃ ይሆናል ብለን ገባን። ሻይ ቀረበ፣ የጨርቅ ናሙና ተዘረጋ፣ አማቴን ሳያስፈቅዷቸው ሜትር አምጥተው ትከሻቸውን ይለኳቸው ጀመር። ከልብስ ቤቱ ወደ ፋኖስ መሸጫ፣ ከፋኖስ መሸጫው ወደ ቆዳ ጫማ ቤት ተነዳን። ኮሚሽን ከየት እንደሚመጣ የማያውቅ አንባቢ ስለሌለ ይህንን አላራዝመውም። ቻን ፉ ጎዳና ላይ ካለው የፉጂያን ቻይናውያን ማኅበር አዳራሽ ስንደርስ በሩ ተዘግቷል፤ ታን ኪም ተዘግቷል። አስጎብኚው ትከሻውን ሰብቆ «ከውጭ ሲታይ ይበልጥ ያምራል» አለን።

የመግቢያ ቲኬቱንም በእጃችን አልሰጠንም። ለውጭ አገር ዜጋ 120,000 ዶንግ የሚሸጠው ይህ ቲኬት በየቅርሱ በር ላይ የሚቀደድ ቁራጭ አለው፤ በአሮጌው ከተማ ጎዳናዎች ላይ ስንመላለስ አንድም ጊዜ ሲቀደድ አላየንም። የት እንዳለ ስንጠይቀው ቦርሳውን መታ አድርጎ «እኔ ጋ ነው» ከማለት በቀር አውጥቶ አላሳየንም። እራቱ ወንዝ ዳር ሳይሆን ከኋላ መንገድ ላይ በፕላስቲክ ወንበር የተበላ አንድ ሳህን ካው ላው ሆነ፤ ምግቡ ራሱ ጥሩ ነበር፣ ወፍራሙ ፓስታና የአሳማ ሥጋው ለሚበላ ሰው ይጥማል፤ አሳማ የማይበሉት አማቴ ግን ቅጠላ ቅጠሉን ለቅመው ተነሡ። ምን እንደማይበሉ ስንመዘገብ አስጽፈን ነበር።

አስጎብኚው በምሽቱ ውስጥ ማስጎብኘት ሊባል የሚችል ሥራ የሠራው በጃፓኖቹ ድልድይ ላይ ብቻ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በከተማዋ ይኖሩ በነበሩ ጃፓናውያን የተሠራው፣ በአንዱ ጫፍ የውሾች፣ በሌላው ጫፍ የዝንጀሮዎች ሐውልት ያለበት፣ ታድሶም በ2024 እንደገና የተከፈተው ይህ ጣሪያ ያለው ድልድይ በ20,000 ዶንግ ኖት ጀርባ ላይ ታትሟል። አስጎብኚውም ከኪሱ ሰማያዊ የ20,000 ኖት አውጥቶ፣ ሥዕሉን ከድልድዩ ጎን ከፍ አድርጎ ይዞ አሳየን፤ ፎቶ ተነሣ፣ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ኖቷን ለሁለት አጥፎ በመዳፉ እንደያዘ ወደ ወንዙ መራን። ይህችን ኖት የጠቀስኳት ያለ ምክንያት አይደለም።

ባክ ዳንግ በሚባለው የወንዝ ዳር መንገድ ላይ ጀልባዎቹ በቀይና በቢጫ ፋኖስ አጊጠው ተሰልፈዋል። አስጎብኚው አማቴን እጃቸውን ይዞ፣ እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉ እያሳየ፣ በታላቅ አክብሮት ጀልባው ውስጥ አስቀመጣቸው። ባለቤቴ ልትከተላቸው አንድ እግሯን ስታነሣ ነው ወደ እኔ ዞሮ እጁን የዘረጋው። «ጀልባው ተካቷል፤ ቀዛፊዋ ግን አልተካተተችም፤ ለአንድ ሰው 400,000» አለ። ልብ በሉ፤ ሒሳቡ የመጣው አሮጊቷ ከተቀመጡ በኋላ ነው።

ከጀርባው የዋጋ ሰሌዳ ቆሟል። እኔ ወደ ሰሌዳው ስመለከት እሱም አብሮኝ ይንቀሳቀሳል፤ ወደ ግራ ዘንበል ስል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስል ወደ ቀኝ። ባለቤቴ ግን በጎኑ አሾልቃ አነበበችው፦ ከአንድ እስከ ሦስት ሰው 150,000 ዶንግ፣ ከአራት እስከ አምስት ሰው 200,000 ዶንግ፣ የቆይታ ጊዜ 20 ደቂቃ። ይህ ለሙሉ ጀልባው እንጂ ለአንድ ሰው አይደለም። ጮክ ብላ ስታነብለት «እሱ የቬትናማውያን ዋጋ ነው» አላት። ሰሌዳው በእንግሊዝኛ ጭምር ተጽፎ ሳለ የቬትናማውያን ዋጋ ለማን ሊነበብ በእንግሊዝኛ እንደተጻፈ ስትጠይቀው መልስ አልሰጠም፤ እጁን እንደዘረጋ ቆመ። ከኋላችን የቡድናችን ሰዎች ይጠብቃሉ፣ ቀዛፊዋ ዓይኗን ከውኃው አላነሣችም፣ አማቴ ተቀምጠዋል፣ ጀልባዋም ትወዛወዛለች።

ሦስት የ500,000 ኖት ቆጥሬ ሰጠሁት፤ 300,000 መልስ ይገባኛል። ከባንክ ማሽን የወጡ ስለነበሩ አንዳቸውም እጥፋት አልነበራቸውም። እሱም ገንዘቡን ተቀብሎ «ጨለማ ነው» በማለት ወደ ፋኖሱ ብርሃን ጀርባውን ሰጥቶን ዞረ። አንድ እስትንፋስ እንኳ አይሞላም። ፊቱን ሲመልስ ኖቶቹን እንደ ካርታ ዘርግቶ አሳየኝ፤ ሁለት የ500,000፣ አንድ የ20,000። «ተሳስተዋል፣ ወዳጄ፤ 180,000 ይቀራል» አለኝ።

ሁለቱም ኖቶች ሰማያዊ ናቸው፣ በሁለቱም ፊት ላይ ያለው የሆ ቺ ሚን ምስል ነው፣ በምሽት ብርሃን ለማያውቃቸው ሰው ይመሳሰላሉ፤ የ500,000ው ረዘም ይላል እንጂ። ነገር ግን እኔ ኪሴ ውስጥ የ20,000 ኖት አልነበረኝም። በእጁ የያዛት ደግሞ መሐሏ ላይ ለሁለት ታጥፋ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በፊት ድልድዩ ላይ በዓይናችን ፊት ያጠፋት፣ ፎቶ ያነሣናት ያችው ኖት ናት! ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየሁት። ፎቶውን አላየውም፤ እኔን አየኝ፣ ፈገግ አለ፣ ትከሻዬንም መታ መታ አደረገ። «ሁሉም ቱሪስት እንዲህ ይሳሳታል» አለኝ። የተወሰደብኝ ገንዘብ አንድ ነገር ነው፤ ሌባው እኔን ማጽናናቱ ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። የቬትናም ሕግ አስጎብኚ በሥራ ላይ ሳለ የፈቃድ ካርዱን እንዲያንጠለጥል ያስገድዳል፤ ስሙን ላነብ አንገቱ ላይ ያለውን ካርድ ስፈልግ ፊቱ ወደ ደረቱ ተገልብጧል፣ የሚታየው ነጭ ጀርባው ብቻ ነበር። ገልብጥልኝ ስለው «መሸ፣ ጀልባዋ ትጠብቃለች» ብሎ ጃኬቱን ዘጋ።

አማቴ ከጀልባው ውስጥ ሆነው «ልጄ፣ ተወው በቃ፤ በሰው አገር ደምህን አታፍላ» አሉኝ። ስለ እሳቸው ብዬ 180,000ውን ጨምሬ ገባሁ። በድምሩ ለአንድ ጀልባ 1,680,000 ዶንግ ማለት ነው፤ የሰሌዳው ዋጋ 150,000 ሲሆን፣ ጀልባው ቀድሞውኑ በከፈልነው 3,450,000 ውስጥ «ተካቶ» ሳለ። ስንወርድ ባለቤቴ ቀዛፊዋን በምልክት ስንት እንደተከፈላት ጠየቀቻት። ሴትየዋ ዙሪያዋን ቃኝታ በጣቷ ወደ ሰሌዳው የመጀመሪያ መስመር አመለከተች። የሚለቀቁትን ሻማዎች በተመለከተ፣ እነሱም ለብቻ ተከፍሎባቸዋል፤ በአንድ ጀልባ ከዘረፋችሁ ሰው ጋር በሻማ መከራከር ስለማይቻል ዝም ብለን ከፈልን።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሸጠችልን ልጅ ሄድኩ። ስትሸጥልን ወንበር ስባ ያስቀመጠችን ልጅ ዛሬ ከስልኳ ቀና አላለችም። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፣ የድልድዩን ፎቶ አሳየኋት፣ «ተካቷል» ያለችበትን ወረቀት ፊቷ ዘረጋሁ። አስጎብኚው የእነሱ ሠራተኛ ሳይሆን በየምሽቱ የሚቀጠር ሰው እንደሆነ፣ የዘጉትም ቅርሶች የእነሱ ንብረት እንዳልሆኑ፣ የገንዘብ ኖት መቁጠርም የደንበኛው ኃላፊነት መሆኑን በአንድ ትንፋሽ ደረደረችልኝ፤ ብዙ ጊዜ ያለችው ለመሆኑ ከፍጥነቷ ይታወቃል። ቢያንስ የጀልባውን እንድትመልስ ስጠይቃት ካልኩሌተሯን አነሣች፣ አንድ ጊዜ ነካች፣ ወደ እኔም አዞረችው። መስኮቱ ላይ ያለው ዜሮ ነበር። አጠገቧ የተቀመጠው ባልደረባዋ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፤ ከኋላዬ አዲስ ቤተሰብ ሲገባ ደግሞ ያው የፎቶ ወረቀት ከመሳቢያ ወጣ። ለቤተሰቡ በእንግሊዝኛ «ጀልባውን ጠይቋቸው» አልኳቸው። ጠየቁ። «ተካቷል» አለች፣ ፊቴ ላይ።

ለሚሄድ ሰው የምለው አጭር ነው። ከዳናንግ ሆይ አን በግራብ (በስልክ መተግበሪያ በሚጠራ) መኪና መሄድ ይቻላል፤ ማታ ማታ አሮጌው ከተማ ለእግረኛ ክፍት ስለሆነ ያለ መሪ በእግር ይዞራል። ቲኬቱን ከጎዳናው መሸጫ ራሳችሁ ግዙና በእጃችሁ ያዙት፤ ታን ኪንና የማኅበር አዳራሾቹን ለማየት ከፈለጋችሁ ቀን ሂዱ እንጂ ለምሽት አታስቀሩት። ጀልባ ስትይዙ መጀመሪያ ሰሌዳውን አንብቡ፣ ዋጋው ሳይቆረጥ አሮጊትም ሆነ ሕፃን ቀድማችሁ አታስቀምጡ። ትንንሽ ኖት ይዛችሁ ውጡ፤ የግድ የ500,000 ኖት የምትሰጡ ከሆነም እያንዳንዷን ቁጥሯን ጠርታችሁ፣ አንድ በአንድ መዳፉ ላይ አኑሩ፤ ጀርባውን ሊያዞር ሲል ደግሞ ገንዘቡን አትልቀቁለት።