የጉዞ ሕክምና ሥልጠና በድሬዳዋ፦ ለነርስ ብሩን ያወጣል ወይ?

እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ካለ አንድ የግል ማሠልጠኛ የጉዞ ሕክምና አጭር ሥልጠና ወስጄ ጨርሻለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ስትሉ ይገባችኋል። እኔ ሳቢያን አካባቢ ክሊኒክ የምሠራ ነርስ ነኝ። የከፈልኩት ከኪሴ ነው። አበል የለ፣ የላከኝ መሥሪያ ቤት የለ። ስለዚህ እንደማንኛውም ገዢ ነው የምናገረው።

ሰው መንገድ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚከተብ፣ ምን መድኃኒት እንደሚይዝ መምከር፣ ሲመለስ ደግሞ ትኩሳቱ ከየት እንደመጣ ማጣራት፤ ሙያው ይሄ ነው። ውጭ አገር ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል። ዓለም አቀፍ ማኅበሩ የተመሠረተው በ1991 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት ፈተና ነርሶችም ይቀመጡለታል። እኛ ጋ ስሙ አይታወቅም እንጂ ሥራው ድሮም ነርሷ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው።

ከመጥፎው ልጀምር። ክፍሉ ይጋግራል። ቬንትሌተር አለ፣ መብራት ሲኖር። ሻይ ቡናው ደህና ነው፤ ሳምቡሳው እንዲያውም ጥሩ ነበር። የመጀመሪያዋ አሠልጣኝ ግን ስላይዷን ከሆነ ቦታ እንዳለ አምጥታዋለች። ምሳሌው ሁሉ ከለንደን ተነስቶ ታይላንድ ቦርሳውን አዝሎ የሚዞር ወጣት ነው። የከፍታ በሽታ ላይ ግማሽ ቀን ጠፋ። አቦ፣ ድሬ እኮ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው ያለችው! ያ በሽታ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ስሜን ተራራ ለሚወጣ ቱሪስት ይጠቅም ይሆናል፤ እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ግን የሚሄደው ጅቡቲ ነው።

ሁለተኛው አሠልጣኝ ጡረታ የወጣ የጤና መኮንን ነው። ገና እንደገባ ፕሮጀክተሩን አስጠፋና ፊት የተቀመጠችውን ልጅ፣ «ነገ ጠዋት ክሊኒክሽ የሚመጣው ተጓዥ ማነው?» አላት። ከየአቅጣጫው መልስ መጣ። ሐጅ የሚሄዱ እናቶች። አረብ አገር ለሥራ የምትሄድ ልጅ። የጅቡቲ መስመር ሹፌር። ለሕክምና ሕንድ የሚሄድ በሽተኛ። ከሚኒሶታ ለሠርግ የመጣ ዘመድ። ሁሉንም ሰሌዳ ላይ ጻፈና ትምህርቱን ከዚያ ጀመረ። ከፍዬ ያገኘሁት ነገር ይሄ ነው።

ለምሳሌ የሕንዱ በሽተኛ። ሕንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን ሰው የቢጫ ወባ ካርድ ትጠይቃለች። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ቲኬቱን ቆርጦ በሳምንቱ የሚበር ሰው ክትባቱን ወስዶም ኤርፖርት ላይ ይያዛል፤ እስከ 6 ቀን ለይተው ሊያቆዩት ይችላሉ። እሺ፣ በሽተኛው ኬሞቴራፒ ላይ ከሆነስ? ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ያለበት ነው፤ የመከላከል አቅሙ ለወደቀ ሰው አይሰጥም። እንዲህ ሲሆን ሐኪሙ መከተብ የማይችልበትን ምክንያት ጽፎ ይሰጠዋል። ከባድ የእንቁላል አለርጂ ያለበትም እንደዚያው። «መርፌውን ከማንሳትሽ በፊት ጠይቂ» ይላል መኮንኑ። ጥያቄዎቹን እርስ በርስ እየተጠያየቅን በቃላችን አስያዘን።

ሌላም አለ። ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የቢጫ ወባ ካርድ ለዕድሜ ልክ ነው፤ የድሮዎቹም ጭምር። ግን እስከ ዛሬ «10 ዓመት አልፎታል» ተብሎ እንደገና የሚወጋ ሰው አለ። ብሩም ይከፈላል።

ለሐጅ የማጅራት ገትር ክትባት ሳዑዲ ከመድረስ ቢያንስ 10 ቀን በፊት ነው። አንደኛው ዓይነት 3 ዓመት፣ ሌላኛው 5 ዓመት ያገለግላል፤ ስለዚህ ካርዱ ላይ የትኛው እንደተሰጠ መጻፍ አለበት። ያልተጻፈበት ካርድ ይዘው የሚመጡ እናቶች ለምን እንደሚንገላቱ ያኔ ገባኝ።

ትኩሳት ላይ ሲደርስ ክፍሉ ሞቀ። ሁላችንም የምንናገረው ነበረና። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፣ በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ (ሁለቱም ትንኝ የምታስተላልፋቸው የትኩሳት በሽታዎች ናቸው)፣ በ2014 ደግሞ የወባ ወረርሽኝ፤ ድሬ ሁሉንም አይታለች። ቺኩንጉንያ ጊዜ ከተማው በሙሉ ጎብጦ ሲሄድ ያላየ ድሬ ውስጥ የለም። የ2014ቱ ወባ ከአኖፊለስ ስቴፈንሲ ጋር የተያያዘ ነበር። ይቺ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። ከተማ ነኝ ብሎ አጎበር የተወ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ዲያስፖራውን ደግሞ እናውቀዋለን። «ድሬ ተወልጄ አድጌ ወባ ምን ያደርገኛል?» ይላል። በልጅነት የነበረው አቅም ብዙ ዓመት ውጭ ሲኖር ይዳከማል። እዚያ የተወለዱት ልጆቹ ደግሞ መጀመሪያውኑ የላቸውም። መከላከያ ኪኒኑ ከመምጣታቸው በፊት የሚጀመር፣ ከተመለሱም በኋላ የሚቀጥል ነው። ዶክሲሳይክሊን ከሆነ ለ4 ሳምንት። ብዙዎቹ ቦሌ ሲደርሱ ያቆሙታል።

ሌላው ቁም ነገር ዲክሎፌናክ፣ ያ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ነው። ትኩሳትና ቁርጥማት ይዞ የመጣን ሰው ቶሎ መውጋት ለምዶብናል። ደንጊ ከሆነ መድማት ሊያባብስበት ይችላል። ደንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ፓራሲታሞልና ፈሳሽ ነው የሚሰጠው። ይሄ ብቻ የሥልጠናውን ግማሽ ዋጋ ያወጣል።

ሐረር የሚሠሩት ልጆች የጅቡን ነገር አነሱ። ቱሪስቱ ማታ ከጀጎል ውጭ ሥጋውን በእንጨት፣ አንዳንዱም እንጨቱን በአፉ ነክሶ ያበላል። ጅብም የእብድ ውሻ በሽታ ሊይዘው ይችላል። ቢጭረው ምን ታደርጋላችሁ? ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ክትባት። አልኮል አርከፍክፎ «አይዞህ» ብሎ መሸኘት የለም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ልምምዱ ደካማ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት በራሱ መበጥበጫ ተበጥብጦ፣ በቅዝቃዜ ተይዞ፣ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ይሄንን በአንድ ባዶ ቫክሲን ካሪየር (ክትባት በቅዝቃዜ የሚያዝበት ሳጥን) ዙሪያ ተኮልኩለን ነው የተማርነው። አይስ ፓክ እንኳን አልነበረውም። ስለ አረብ አገር ሠራተኞች የአእምሮ ጤና አንድ ስላይድ ብቻ። ምክሩን በኦሮምኛና በሶማሊኛ እንዴት እንደምንሰጥ ጭራሽ አልተነሳም። ሥልጠናው ድሬ ተሰጥቶ ይሄ መረሳቱ ይገርማል።

ትልቁ ደግሞ ሰርተፊኬቱ ነው። ስንመዘገብ ሲፒዲ ነጥብ፣ ማለትም የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ የሚቆጠር የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ነጥብ፣ አለው ተብለናል። ሲሰጠን ነጥብም ቁጥርም የለበትም። «በሂደት ላይ ነው» አሉን። እስካሁን በሂደት ላይ ነው። ፈቃድ ለማሳደስ ለፈለገች ነርስ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስማቸውን ያልጠራሁት እስኪያስተካክሉ ጊዜ ልስጣቸው ብዬ ነው።

ሂዱ ወይ? ዕውቀቱን ከፈለጋችሁ አዎ፤ ነጥቡን ከፈለጋችሁ ገና ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የሲፒዲ ዕውቅናውን ወረቀት በዓይናችሁ እዩ፤ በቃል አትመኑ። የጤና መኮንኑ የሚያስተምርበትን ቀንም ጠይቁ። የእሱን ቀናት ብቻ ለይቶ መክፈል ይቻላል፤ ቢሮ ገብቼ አረጋግጫለሁ። እነሱ ግን ካልጠየቃችኋቸው አይነግሯችሁም።