ሩት ካናል የተሠራለት ጥርስ ዳግም ሲመግል፦ እንደገና ማከም ወይስ ማስነቀል?

ከዓመታት በፊት ሩት ካናል (ነርቩን አውጥቶ በሥሩ ውስጥ ያሉትን ቀጭን ቦዮች አጽድቶ መድፈን) የተሠራለት ጥርስ ነርቭ ስለሌለው፣ ውስጡ የቀሩ ባክቴሪያዎች በሥሩ ጫፍ ዙሪያ ያለውን አጥንት እየጎዱት እንኳ ላያም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳብቀው ድድ ላይ እየወጣ የሚፈርጥ ትንሽ ብጉር ወይም በኤክስሬይ የሚታይ ጥቁር ጥላ ነው። ጅማ ውስጥ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን የተባለውን ፀረ-ባክቴሪያ ገዝቶ መዋጥ የተለመደ ቢሆንም፣ ደም በማይዘዋወርበት ጥርስ ውስጥ መድኃኒቱ ስለማይደርስ እብጠቱ ቢቀንስም መነሻው አይጠፋም።

ማስነቀል ባብዛኛው በአንድ ቀጠሮ ያልቃል፤ ሥሩ በቁመቱ ለተሰነጠቀ ጥርስም ብዙውን ጊዜ ብቸኛው መፍትሔ ነው። ሆኖም ክፍተቱ ካልተተካ አጠገቡ ያሉት ጥርሶች ወደዚያው ያዘነብላሉ፤ የመንጋጋው አጥንትም እየሳሳ ይሄዳል።

እንደገና ማከም አሮጌውን ሙሌት አውጥቶ፣ ቦዮቹን አጥቦ መልሶ መድፈን ስለሆነ ትዕግሥትና ገንዘብ ይጠይቃል። በላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ግን ቀድሞ ሳይታይ የታለፈ አንድ ቀጭን ቦይ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ እርሱ ሲጸዳ የተጎዳው አጥንት በወራት ውስጥ መልሶ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ ከድድ በላይ በቂ ጤናማ አካል ለቀረው ጥርስ ይህኛውን እመርጣለሁ፤ ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ የሚያስቸግር እብጠት ካለ ግን ምርጫው ይቆይና በዚያው ሰዓት ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል መሄድ ያስፈልጋል።