ለሳቢያኗ ሲስተር ምስጋና፣ ለሚመለከተውም ጥቆማ

ሰላም የድሬ ልጆች። ይህን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት አመነታሁ። ባለቤቴ ናት “ጻፈው፣ የሚጠቀምበት ሰው አይጠፋም” ያለችኝ።

ማመስገን የምፈልገው እዚሁ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር አካባቢ በአንዲት ትንሽ የግል ክሊኒክ የምትሠራ የአእምሮ ጤና ነርስ ነው። ስሜ አይጠቀስ ስላለች ሲስተር ብቻ እላታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቀን ቀን አልበላም። ቁርስ የለም፣ ምሳ ሻይ ብቻ። ኪሎ ልቀንስ ብዬ ነው። ከሥራ ስወጣ ግን መጋላ ገበያ ጎራ እላለሁ። ሳምቡሳ፣ ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ፣ ግማሽ ኪሎ ሀለዋ። ባጃጅ ውስጥ ጀምሬ ቤት ሳልደርስ አልቋል። ከዚያ ምንም እንዳልቀመሰ ሰው እራት እቀርባለሁ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ሲተኛ፣ ተነስቼ ከመሶቡ የተረፈውን ቆሜ እበላለሁ። ሆዴ እስኪያመኝ። ርቦኝ አይደለም እኮ። ማቆም ነው ያቃተኝ። ሲያልቅ ራሴን እጠላለሁ፣ ነገ እህል አልቀምስም ብዬ እምላለሁ። ነገም ያው ነው። በ4 ዓመት ውስጥ ከ79 ኪሎ 106 ገባሁ።

ማንም አልጠረጠረም። እኛ ጋ የወፈረ ሰው “ተመችቶታል” ነው የሚባለው። “አቦ፣ ትዳር ተስማማህ!” ይሉኛል። እስቃለሁ።

ደም ግፊቴ ሲጨምር አንድ የጤና ተቋም ሄድኩ። ሚዛን ላይ አቁመውኝ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “አፍህን መያዝ ነው፣ ሌላ መድኃኒት የለህም” ተባልኩ። ያን ቀን ማታ የበላሁትን መቼም አልረሳውም። ወፍራም ሰው የምትመክሩ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን አስቡ። እኔን ወደ ምግቡ የሚመልሰኝ እፍረቱ ራሱ ነበር።

ሲስተር ጋ የሄድኩት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው። ስንት ኪሎ ነህ አላለችኝም። “ወንድሜ፣ ማታ ማታ እንዴት ነው የምትበላው? ብቻህን ነው?” አለችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አለቀስኩ። ውሃ ሰጠችኝና ዝም ብላ ጠበቀችኝ።

ሕመሙ ስም እንዳለው ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ቢንጅ ኢቲንግ ዲስኦርደር ይባላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ አስፍሮታል። ሠርግ ወይም በዓል ላይ አብዝቶ መብላት ማለት አይደለም። በአጭር ጊዜ በጣም ብዙ መብላት፣ ያኔም ራስን መግታት አለመቻል ነው። ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ ለ3 ወር ሲቀጥል ሕመም ይባላል። ተደብቆ መብላቱ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጸጸት፣ ሁሉም የምልክቱ አካል ነው። እኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ደጋግማ ነግራኛለች። ወፍራም ሰው ሁሉ ይህ ሕመም የለበትም፣ ሕመሙ ያለበትም ሁሉ ወፍራም አይደለም። ውፍረት ከዘር፣ ከእንቅልፍ፣ ከአንዳንድ መድኃኒቶችም ይመጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ሲበሉ ኪሎ ይጨምራል፣ ኪሎው ያሳፍራል፣ ከእፍረቱ ለመውጣት ጾም መዋል ይመጣል፣ ባዶውን የዋለ ሆድ ደግሞ ማታ ልጓም የለውም። የኔ ሕይወት ቁልጭ ብሎ ተነገረኝ።

ሕክምናው በምን ጀመረ መሰላችሁ? “ቁርስ ብላ” በማለት። ግራ ገባኝ። በቀን ሦስቴ ምግብ፣ መሃል ላይ ሁለቴ ቀለል ያለ ነገር፣ ከ4 ሰዓት በላይ ባዶ ሆድ እንዳልቆይ። ጠዋት ፉል ወይም ቂንጬ ጀመርኩ። ደብተርም አስያዘችኝ። ምን በላሁ፣ ስንት ሰዓት፣ የት፣ ከመብላቴ በፊት ምን ተሰማኝ። በደብተሩ ነው የወር መጨረሻ ሒሳብ የምንዘጋበት ሳምንት እንደሚጥለኝ ያየሁት። ለግፊቱ ደግሞ ራሷ ሐኪም ጋ ላከችኝ። ለዚህ ሕመም መድኃኒት የሚታዘዝላቸውም አሉ፣ ለኔ ግን ንግግሩና ደብተሩ በቃኝ።

አሁን 8 ወር ሆነኝ። በሳምንት አራት አምስቴ የነበረው፣ ባለፈው ወር አንዴ ብቻ ነው የሆነው። ኪሎዬ የቀነሰው 5 ነው። ሕክምናው ያለ ልክ መብላቱን ሊያቆም እንደሚችል፣ ኪሎ ግን ብዙም ላይቀንስ እንደሚችል ከመጀመሪያው ነግራኛለች፣ አላታለለችኝም። ብር ሲያጥረኝም ቀጠሮውን በየሁለት ሳምንቱ አደረገችልኝ።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ማን እንደጠየቀኝ ለማንም አልናገርም።

ሲስተር፣ እሁድ ዕለት ልጄ ሙሸበክ ገዝታ መጣች። ተቀምጠን ከሻይ ጋር በላን፣ እኔ አንድ ወሰድኩ። የተረፈው እስከ ማግስቱ ጠዋት ሳህኑ ላይ ነበር። ልንገርሽ ብዬ ነው።