ባትሪው ስንት ቀረው? በቤት በሠራሁት ጌም ላይ ሁለት ጠቋሚዎችን ሞከርኩ

ሥራዬ ስልክ ጥገና ነው። ማታ ማታ ደግሞ ለእህቴ ልጅ በእጅ የሚያዝ ጌም ገጣጥሜለታለሁ። ውስጡ ራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብሊው የምትባል ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ አለች (ከዚህ በኋላ ፓይ እላታለሁ)፤ የድሮ ጌሞችን የሚያጫውተው ሬትሮፓይ የሚባል ሶፍትዌር ተጭኖባታል። 2500 ሚሊአምፕ ሰዓት የሚል ጠፍጣፋ ሊትየም ባትሪ፣ ትንሽ ስክሪን፣ አንድ ስፒከር፣ በቃ። የጎደለው ባትሪው ስንት እንደቀረው የሚናገር ነገር ነበር። ልጁ ጨዋታ መሀል ላይ ድርግም ይልበታል።

ብስጭቱ ብቻ ቢሆን ግድ የለም። ፓይ ግን ኮምፒውተር ነው። ሚሞሪ ካርዱ ላይ እየጻፈ ሳለ ኃይል ከተቋረጠበት ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ከዚያ ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን ይመጣል።

መጀመሪያ ርካሹን ገጠምኩ። የባትሪ ሥዕል ላይ አራት ሰማያዊ መስመሮች የሚበሩበት ሚጢጢ ቦርድ ነው። የአምራች ስም የለውም፤ ባዶ ፌስታል ውስጥ ነው የሚመጣው። ሁለት ሽቦ ትበይዳላችሁ፣ አለቀ። ግን ለአንድ ሴል የተሠራውን ለይታችሁ ግዙ፤ ለሁለትና ለሦስት ሴል የሚሆነውም መልኩ ያው ነው። ሽቦው የሚሄደው ወደ ባትሪው ነው እንጂ ፓይ ወደሚጠቀመው 5 ቮልት አይደለም። ባትሪው ከ4.2 ወደ 3.4 ቮልት ቢወርድም፣ በባትሪውና በፓይ መሀል ያለው ቮልት የሚያሳድግ ቦርድ እስከ መጨረሻው 5 ቮልት ይሰጣል። እዚያ ላይ ከለካችሁ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ ከዚያ ጭጭ። ደግሞም ከማብሪያ ማጥፊያው በኋላ ግጠሙት። አለበለዚያ ጌሙ ጠፍቶም መብራቱ ባትሪውን ሲበላ ያድራል።

ይሄ ዕቃ ይዋሻል? ቮልቱን በደንብ ይለካል። አስቸጋሪው ሊትየም ራሱ ነው። ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ላይ ነው። ቶሎ ብሎ ወደ 3.9 ይወርድና አብዛኛውን ጉልበቱን ከዚያ እስከ 3.6 ባለው ጠባብ ቦታ ላይ ይሰጣል። ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር ሜዳውን ሄዶ ሄዶ፣ ድንገት ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርድ መኪና በሉት። አራቱ መስመሮች ግን መንገዱን እኩል እኩል ከፋፍለውታል። የኔው 3.9፣ 3.7፣ 3.5 እና 3.3 ላይ ነው የሚቆርጠው። ስለዚህ ሁለት መስመር በርቶ ሳለ 40 ፐርሰንትም 10 ፐርሰንትም ሊሆን ይችላል። አንድ መስመር ሲቀር ያለቀ ነው።

ሌላም አለ። ስክሪኑ ደምቆ፣ ዋይፋይ በርቶ፣ ከባድ ጌም ሲከፈት ቮልቱ ለጊዜው ወረድ ይላል። መስመሮቹ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይጨፍራሉ። ልጁ አይቶት ኖሮ፣ "አጎቴ፣ ጌሙን ፖዝ ሳደርገው ቻርጅ ይጨምራል" አለኝ። ያየው ልክ ነው።

ሁለተኛው ማክስ 17048 የሚባል ቺፕ ነው። የማክሲም ሥራ ነው፤ ኩባንያው በ2021 አናሎግ ዲቫይስስ ውስጥ ገብቷል። ቺፑ ከሩዝ ፍሬ ብዙም ስለማይበልጥ፣ አዳፍሩት የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጭ ቦርድ ላይ አድርጎ የሚሸጠውን ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ በሻንጣ ይዞልኝ መጣ። እዚያ ዋጋው ከ10 ዶላር በታች ነው።

እሱም የሚለካው ቮልት ነው። ነገር ግን የሊትየም ባትሪ ባህርይ ውስጡ ተቀምጦለታል። ቮልቱ እንዴት እየሄደ እንደሆነ ይከታተልና ፐርሰንት ያወጣል። ራሱ የሚበላው 23 ማይክሮ አምፕ ገደማ ስለሆነ ሁልጊዜ ከባትሪው ጋር ተያይዞ ይቆይ፤ እንዲያውም ለስሌቱ የሚሻለው እሱ ነው።

ፓይ ቮልት የሚለካ ፒን የለውም። ይሄ ቺፕ ግን በአይ ቱ ሲ፣ ማለትም ቺፖች በሁለት ሽቦ መረጃ በሚለዋወጡበት መንገድ ነው የሚያወራው። ፒን 3 እና 5 ለመረጃ፣ ፒን 1 ለ3.3 ቮልት፣ ፒን 6 ለግራውንድ (ለኔጋቲቩ)። አይ ቱ ሲን ፓይ ሴቲንግ ውስጥ ከከፈታችሁ በኋላ አድራሻ 36 ላይ ታገኙታላችሁ። ካልታየ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ኃይሉን የሚያገኘው ከባትሪው ስለሆነ ባትሪ ካልተሰካ ዝም ነው የሚለው። ከመሰካታችሁ በፊት ደግሞ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን በቴስተር እዩ። ሶኬቱ ልክክ ብሎ እየገባ ሽቦው የተገላበጠ ባትሪ ገበያው ላይ ሞልቷል።

ከዚያ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ አጭር ፕሮግራም ይበቃል። የኔው በየ30 ሰከንዱ ያነብና ቁጥሩን ስክሪኑ ጥግ ላይ ይጽፋል። 10 ላይ ያስጠነቅቃል፣ 5 ላይ ፓይን በሥርዓት ሹት ዳውን ያደርጋል። ገንዘቡን ያወጣሁት ለዚች ለመጨረሻዋ ነው። ቁጥር ማየት ብቻ ቢሆን ኖሮ አልደክምም ነበር። በ1989 የወጣው የመጀመሪያው ጌም ቦይ፣ የኔንቴንዶ የእጅ ጌም፣ አንዲት ቀይ መብራት ብቻ ነበረችው፤ አራቱ ባትሪ ድንጋዮች ሲደክሙ እሷም ትደበዝዛለች። ሰው ተጫውቶበታል።

እንከን አለው። ጌሙ በርቶ እየሠራ ባትሪ ከቀየራችሁ መጀመሪያ የሚያሳየው ቁጥር አይታመንም። ቺፑ ባትሪው አርፎ የቆየ መስሎት ነው የሚጀምረው፤ ቆይቶ ይስተካከላል። ያረጀ ባትሪ ላይም ይሸወዳል። ሱቅ ውስጥ በየጊዜው የምሰማው ነው፦ "20 ፐርሰንት እያለው ዘጋብኝ።" ባትሪው ሲያረጅ ከረንት እንዳይወጣ የሚያግደው የውስጥ ሬዚስታንስ ይጨምራል፣ ትንሽ ሥራ ሲበዛበት ቮልቱ ወለል ይነካል። ከድሮ ላፕቶፕ የወጣ ሴል የምትጠቀሙ ከሆነ ሹት ዳውኑን 15 ላይ አድርጉት።

አይኤንኤ 219 የሚባለውንም የሚመክሩ አሉ። ከረንት ስለሚለካ ጎበዝ ነው፤ ግን የወጣውን እየደመራችሁ የምትይዙት ራሳችሁ ናችሁ። ለልጅ ጌም በዛብኝ።

ፓይ ለሌለው ነገር፣ ለምሳሌ ራሳችሁ ለሠራችሁት ፓወር ባንክ፣ ሰማያዊው ይበቃል። ፓይ ካለበት 17048ን ግዙ። ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን ብታያይዙም ቮልቱ ያው ስለሆነ ይሠራል። በተከታታይ ካያያዛችኋቸው ግን የሚያስፈልጋችሁ ለሁለት ሴል የተሠራው ወንድሙ 17049 ነው።

እህቴ ደግሞ የራሷ ጥያቄ አላት፦ ያቺን 5 ፐርሰንት 60 ማድረግ ይቻላል ወይ? ፈተና ደርሷል። ይቻላል፣ አንድ ቁጥር መቀየር ነው። ለልጁ ግን እኔ አልነግረውም ብያታለሁ።