ታን-ሌርሚታዥ በአንድ ቀን፦ ከኮረብታው ይጀመር

ታን-ሌርሚታዥ በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በሮን ወንዝ ግራ ዳር ያለች፣ በወይን ጠጅና በቸኮሌት የምትታወቅ ትንሽ ከተማ ናት። ከሊዮን በክልል ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ቀን ይበቃታል፤ ማደር አያስፈልግም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ነው። ከባቡር ወርዶ በቀጥታ የወይን ጠጅ ቅምሻ ቤት ይገባል፣ ሞቅ ካለው በኋላ በቀትር ፀሐይ ኤርሚታዥ የሚባለውን የወይን ኮረብታ ዳገት ይጀምራል። ኮረብታው ላይ ደግሞ ጥላ የሚባል ነገር የለም። በጠዋት ውጡ፤ ጫፉ ላይ እስካለችው የቅዱስ ክሪስቶፎሮስ ጸሎት ቤት ድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። በምዕራብ በኩል ያለው መሬት የፈራረሰ ግራናይት ነው፤ ሲዘግኑት በጣት መሀል እንደ ሻካራ አሸዋ ይፈሳል፣ ሶሉ ያለቀ ጫማ ደግሞ ያንሸራትታል። እርከኑን የያዘው ካብ ላይ አትውጡ፤ አንድ ድንጋይ ከተነቀለ ዝናብ አፈሩን ይዞት ይወርዳል። እያንዳንዱ የወይን ግንድ ለብቻው እንጨት ተተክሎለት ታስሯል። ትራክተር ስለማይወጣው አብዛኛው ሥራ በእጅ ነው፤ መላው የኤርሚታዥ ማሳም 136 ሄክታር አካባቢ ብቻ ነው። ወይን ጠጁ ውድ የሆነበት ምሥጢር ይኸው ነው።

ለቅምሻ አስቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ፤ በምሳ ሰዓት ብዙው ቤት ይዘጋል። መትፊያ ዕቃ ይቀርባል፣ መትፋትም ነውር አይደለም። ቀዩ የሚጠመቀው በዝዋይም ከሚበቅለው ሲራ ከተባለው የወይን ዘር ነው፤ ነጩ ማርሳንና ሩሳን ከተባሉት ዘሮች። ቀዩን አስቀድመው ነጩን በኋላ የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፤ ነጩ ወፍራም ስለሆነ ነው እንጂ ተሳስተው አይደለም። ቀይ ኤርሚታዥ ብዙ ጊዜ አሥር ዓመት መቀመጥ ይፈልጋል። ዛሬ ለሚጠጣ በኮረብታው ዙሪያ ካሉት ማሳዎች የሚመጣውን ክሮዝ-ኤርሚታዥ ግዙ፤ ዋጋውም በጣም ይቀንሳል።

ሌላው መስህብ ቸኮሌት አምራቹ ቫልሮና ነው። ሲቴ ዱ ሾኮላ የተባለው ሙዚየሙ መግቢያ ያስከፍላል፣ ከልጆች ጋር ለመጣ ያዋጣል። ለሌላው ሱቁ ይበቃዋል፤ ያለ ትኬት ይገባል። ጿሚዎች ጉዋናጃ የሚባለውን ባለ 70 በመቶ ጥቁር ቸኮሌት ይዩ፤ ወተት አልተጨመረበትም፣ ግን ማሸጊያው ላይ የወተት ርዝራዥ ሊኖር እንደሚችል የሚያስጠነቅቀውን መስመር አንብቡ። ዱልሴ የሚባለው ወርቃማው ወተት አለበት። በአካባቢው ታዋቂ የሆነው ራቪዮል የሚባለው ትንንሽ ፓስታም በአይብ የተሞላ ስለሆነ ለጾም አይሆንም።

ማምሻውን በማርክ ሰገን የእግረኞች ድልድይ ወንዙ ማዶ ወዳለችው ቱርኖን ከተማ ተሻገሩ። መሐንዲሱ ሰገን በ1825 እዚህ የሠራው የመጀመሪያው ተንጠልጣይ ድልድይ በ1965 ፈርሷል። ከሰሜን የሚነፍሰው ሚስትራል የተባለ ቀዝቃዛ ነፋስ ድልድዩ ላይ ስለሚበረታ ጃኬት ያዙ። ቱርኖን ውስጥ ግንቡ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ብዙም የሚያቆይ የለም። ኮረብታው ሙሉ ለሙሉ የሚታየው ግን ከዚህ ማዶ ነው።

በአውሮፕላን የምትመለሱ ከሆነ ጠርሙሱን በልብስ ጠቅልላችሁ በሚጫነው ሻንጣ አድርጉት፤ በእጅ ሻንጣ ላያሳልፉት ይችላሉ። ቸኮሌቱን ደግሞ በሞቃት ወራት ከሁሉም በኋላ ግዙ፤ ኮረብታ ላይ በቦርሳ ከዋለ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም ነጭ ሽፋን ያወጣል።